የቆመው ዓመት፤ ስለ ሳንቲማችን መልክና ስም የቀረበ ሒስ

በደሴ ከተማ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር አንድ ያረጀ የጭቃ ቤት ሲፈርስ ከምርጊቱ ውስጥ አንድ የመዳብ ዐሥር ሳንቲም ወጣ። የሰፈሩን አሮጌ ቤቶች ያጠና የነበረ አንድ ተማሪዬ ሳንቲሙን አጥቦ ቢመለከተው በግዕዝ ቍጥር የተጻፈ የ1936 ዓመተ ምሕረት ምልክት አገኘበት፤ ከዚህም ተነሥቶ ግድግዳው በዚያው ዓመት ወይም ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ተሠርቷል ብሎ በጽሑፉ አሰፈረ። አካሄዱ ጥንቃቄ ያልጐደለው፥ ድምዳሜውም ላይ ላዩን ለሚያየው የሚያሳምን ነበር። ነገር ግን የቤቱ ባለቤት የነበሩት አሮጊት ይህን በሰሙ ጊዜ ሣቁ። «ልጄ፥ ያችን ዲናሬ የሸሸግኋት እኔው ነኝ። ያ ግድግዳ የተመረገው በስድሳ ስድስት ነው፤ ክፉ ቀን ነበር፤ ከልጆች ዐይን ብዬ ከጭቃው ወሸቅኋት» አሉት። በሳንቲሙና በግድግዳው መካከል የሠላሳ ዓመት ልዩነት ተገኘ ማለት ነው።

ተማሪውን ለመውቀስ አልደፈርሁም። እኔም በባዕድ አገር ስማር በአንድ የሙዚየም ሣጥን ውስጥ ያየሁትን ጠገራ ብር፥ በላዩ የተቀረጸውን 1780 ብቻ ተመርኵዤ የዐሥራ ስምንተኛው ምዕት ዓመት ሥራ ነው ብዬ ጽፌ፥ መምህሬ በቀይ ቀለም ሰርዞ መልሶልኛል። ሁለታችንም የተሳሳትነው በአንድ ምክንያት ነው፤ ይኸውም ገንዘብ በላዩ የተጻፈውን ሁሉ እውነት ይናገራል ብለን በማመናችን ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው በአገራችን በየዕለቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረው ገንዘብ በላዩ ከተጻፈው ይልቅ በተጠራበት ስምና በተያዘበት እጅ ታሪኩን አብልጦ እንደሚናገር፥ እኛ የምንመራመረው ግን እስካሁን የተጻፈውን ብቻ ስናነብ መኖራችንን ነው።

ሒስ መለኪያ ያሻዋል። እኔ የምወስደው መለኪያ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ከራሱ ከአገሩ ገንዘብ ላይ የተገኘ ነው። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ምዕት ዓመት ድረስ በወርቅ፥ በብርና በመዳብ ገንዘብ ያስመቱ ነበር። የወርቁ ገንዘብ ይበልጡን ለባሕር ማዶ ንግድ ያገለገለ ሲሆን፥ ለአገር ቤት ገበያ የዋለው መዳቡ ነበር። ከክርስትና መግባት በኋላ በተመቱት በብዙዎቹ መዳቦች ላይ በጽርዕ ቋንቋ የተቀረጸው ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» ማለት ነው። ንጉሥ በትንሹ ገንዘብ ላይ የራሱን ክብር ብቻ ሳይሆን የተቀባዩን ፈቃድ ጭምር ማስቀረጹ የሚያስገርም ነው። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ስለ መጡት ገንዘቦች ሁሉ ይህንኑ እንጠይቅ፤ አገሩን ደስ አሰኝተዋልን?

አንደኛው እጅግ አድርጎ አሰኝቶ ነበር፤ ግን የአገሩ አልነበረም። የኦስትርያ ንግሥት ማርያ ትሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ከዐረፉ በኋላ በምስላቸው የሚመታው ብር ዓመቱ ሳይለወጥ እስከ ዘመናችን ድረስ ተመትቷል። ሕዝባችን ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር ብሎ የሚጠራው ይህ ገንዘብ ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፥ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። በአንድ ፊቱ የተከናነበች ወይዘሮ፥ በሌላው ባለ ሁለት ራስ ንስር ይታያል፤ በጠርዙም ዙሪያ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል የላቲን ቃል ጐላ ብሎ ተቀርጿል። መጻሕፍቱ ስለ ወይዘሮዋ ገጽና ስለ ንስሩ ብዙ ይላሉ። ለገበያተኛው ግን ዋናው ነገር ጠርዙ ነበር ብዬ አስባለሁ። ጠርዙ የተጻፈበት ገንዘብ ቢሞረድ ወዲያው ይታወቃል። ላቲን የማያነብ ነጋዴ ፊደሉን በአውራ ጣቱ ዳስሶ ሙሉ መሆኑን ያረጋግጥ ነበር። ይህ ዕውቀት በየትም መዝገብ ያልተጻፈ የእጅ ንባብ ነው።

ወሎ ይህን ገንዘብ በብዛት ያየ አገር ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በናፒየር እየተመራ ወደ መቅደላ ሲዘምት ለስንቅና ለአጋሰስ የሚከፍለው ሌላ ገንዘብ ተቀባይ ስላላገኘ ከአራት ሚሊዮን የሚበልጥ ማርትሬዛ አሰባስቦ መጥቷል። ያም ሁሉ ተመልሶ አልሄደም። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በባቲ የሰኞ ገበያ ከአፋር በረሓ የመጣው ጨውና ከብት ከደጋው እህል ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ጠገራ ብር ለረጅም ዘመን ሲዘዋወር ኖሯል። አንጥረኛው አቅልጦ ድሪና አምባር ሠርቶበታል፤ ሴቶችም ቀለበት እያስበጁለት በአንገታቸው አንጠልጥለውታል። በዚህ ጊዜ ገንዘቡ ጌጥ ሆነ ማለት ትክክል አይደለም። በክፉ ቀን ከአንገት ወርዶ ወደ ገበያ ይመለሳልና ጌጥም ገንዘብም ሆኖ ነው የኖረው።

ማርትሬዛን ለመተካት የሞከሩት ሁሉ የወደቁት ከፊቱ በቀር ሌላውን ባለማየታቸው ነው። ኢጣልያ ለኤርትራ ቅኝ ግዛቷ የንጉሥ ኡምቤርቶን መልክ ይዞ የሚወጣ ታለሮ አስመታች፤ አልተወደደም። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ ማርትሬዛን አስመስላ፥ ነገር ግን ወይዘሮዋን «ኢጣልያ» ብላ ሌላ ብር አወጣች፤ ተቀባዩ ልዩነቱን ለይቶ መለሰው። በመጨረሻ በ1935 እ.ኤ.አ. ለወረራው ስትሰናዳ ከኦስትርያ የመቺያውን ቅርጽ ተቀብላ ራሱን ማርትሬዛን ከነ1780 ዓመቱ በሮማ መታች። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ቤልጅግም ይመቱት ጀመር። እንዲህ ሲሆን አንድ የደሴ ሰው በ1928 ዓ.ም. በእጁ የያዘው «የ1780» ብር ገና ዓመት ያልሞላው ሊሆን ይችል ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ ያስመቱት ብር ከእነዚህ ጋር የሚቈጠር አይደለም፤ የራሱ የአገሩ ገንዘብ ነበር። በ1885 ዓ.ም. ታውጆ፥ በፓሪስ ተመትቶ፥ የ1887 ዓ.ም. ምልክት ይዞ የመጣው ይህ ብር በአንድ ወገን ዘውድ የደፉትን ንጉሠ ነገሥት፥ በሌላው ዘውድ የጫነውን የይሁዳ አንበሳ ከነሰንደቁ ያሳያል። በቅርጽ ሥራ በኩል የሚተካከለው የዘመናችን ገንዘብ የለም፤ የግዕዙ ፊደል አጣጣል ብቻ እንኳ ከዚያ በኋላ ከታዩት ሁሉ ይበልጣል። ዓመቱም እንደ ማርትሬዛው በአንድ ቆሞ የቀረ አልነበረም። ሆኖም ማርትሬዛን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም። ከቀይ ባሕር ማዶ ያለው ነጋዴ የሚያውቀው ወይዘሮዋን ነበርና። ዓመቱ የተለወጠው ገንዘብ ተሸነፈ፤ ዓመቱ የቆመው አሸነፈ። ይህን አንድ ነገር ማስተዋል ከብዙ ሠንጠረዥ ይጠቅማል።

ከምኒልክ ብር ይልቅ በሕዝቡ አፍ ጸንተው የቀሩት የክፍሎቹ ስሞች ናቸው። ግማሹ አላድ፥ አራተኛው ሩብ፥ ስምንተኛው ተሙን ይባል ነበር። ተሙን ከዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙም ያው ስምንተኛ እጅ ማለት ነው። ይህን ስም አንባቢ እንዲያስታውሰው አደራ እላለሁ፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለንና።

በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የወጣው የመዳብና የኒኬል ገንዘብ ብሩን በመቶ ከፍሎ መቶኛ የሚል ስም ይዞ ነበር፤ ወረራው ስለ ደረሰበት ብዙ ሳይቈይ ቀረ። በአዲስ አበባ አሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ አሁንም አልፎ አልፎ ይገኛል።

ሳንቲም የምንለው ገንዘብ የመጣው ከነጻነት በኋላ ነው። እዚህ ላይ የቆመው ዓመት ተመልሶ ይመጣል። ገንዘቡን ሕጋዊ ያደረገው አዋጅ የወጣው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ሲሆን ሳንቲሙ ላይ የተቀረጸው ግን 1936 ነው። ሥራው አስቀድሞ በአሜሪካ በፊላደልፊያ ተጀምሮ ስለ ነበር ገንዘቡ ሕጉን በዓመት ቀደመው። ከዚያ በኋላም በአሜሪካና በእንግሊዝ ሲመታ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ያው 1936 ሳይለወጥ ቀረ። እንግዲህ የቧንቧ ውሃው ዐሥር ሳንቲም ከ1936 በፊት አለመኖሩን ብቻ እንጂ መቼ እንደ ተመታ አይነግረንም። በሙዚየም ካርድ ላይ «1936 ዓ.ም.» ብሎ መጻፍ ለጐብኚ ስሕተትን ማስተማር ነው።

በዚህ ገንዘብ አቀራረጽ ላይ ሕዝቡ ራሱ አንድ ሒስ ሰጥቶበታል። አንዱ፥ አምስቱ፥ ዐሥሩና ሃያ አምስቱ ሳንቲም ከመዳብ ሲሠሩ ሃምሳው ብቻ ከብር ተሠርቶ ነበር፤ ከሺህ እጅ 800 ንጹሕ ብር ነበረው። ነገር ግን የሃያ አምስቱና የሃምሳው ስፋት እጅግ ይቀራረብ ስለ ነበር፥ ብልሃተኞች ሃያ አምስቱን ብር እየለበጡ በሃምሳው ዋጋ ያሳልፉት ጀመር። በ1940ዎቹ አጋማሽ መንግሥት የሃያ አምስቱን ጠርዝ እንደ አበባ ቅጠል እያስቈረጠ ለማስተካከል ተገደደ። የፊላደልፊያ ቀራጮች ምስሉን አሳምረው ሠርተው ሳለ፥ በመሸ ጊዜ በኵራዝ ብርሃን ወይም በጨለማ በጣት ብቻ ገንዘብ የሚለይ ሰው እንዳለ አላሰቡም። ያ የተቈረጠ ጠርዝ እኔ እስከማውቀው ድረስ በሳንቲማችን ታሪክ ከገበያ ወደ ቤተ መንግሥት የሄደ አንድ ትእዛዝ ቢኖር እሱ ነው፤ መልኩም አስቀያሚ ነው አይባልም።

አሁን ወደ ስሞቹ ልመለስ። የሃምሳ ሳንቲም የገበያ ስም ሽልንግ ነው፤ የሃያ አምስቱ ደግሞ ስሙኒ። ስለ መጀመሪያው ብዙ መከራከር አያሻም። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የእንግሊዝ ጦር ይዞት የገባው የምሥራቅ አፍሪቃ ሽልንግ በአገራችን ሲሠራበት ቈይቶ፥ በ1937ቱ አዋጅ ጊዜ አንድ የኢትዮጵያ ብር በሁለት ሽልንግ ተተመነ፤ ስለዚህ ሃምሳ ሳንቲም አንድ ሽልንግ ሆነ። (በዚያም ሽልንግ ላይ ከተራራ ፊት የቆመ አንበሳ ነበረበት። አንበሳን የምናከብር እኛ ብቻ የመሰለን ሰዎች ይህን ብናስብ መልካም ነው።) ስሙኒ ግን ያስቸግራል። ቃሉ ከዐረብኛው ስምንተኛ እጅ የመጣ መሆኑ ግልጽ ሲሆን ሃያ አምስት ሳንቲም ደግሞ የብር አራተኛ እጅ ነው። አራተኛውን ስምንተኛ ማለት ምንድር ነው? አንዳንዶች ሕዝቡ ሒሳቡን ስቶ ነው ብለው ያልፉታል።

እኔ ሕዝቡ አልሳተም እላለሁ። በስዋሂሊ ቋንቋ ሱሙኒ ማለት የሽልንግ ግማሽ ነው፤ ያም ስም ከጥንቱ ታለር ስምንተኛ እጅ የተወረሰ ነው። አንድ ብር ሁለት ሽልንግ ከሆነ ግማሽ ሽልንግ ልክ ሃያ አምስት ሳንቲም ይሆናል። እንግዲህ ሽልንግና ስሙኒ ተነጣጥለው የመጡ ስሞች ሳይሆኑ፥ አንድ ላይ ከደቡብ በኩል ከወታደሩ ኪስ የገቡ መንትያ ይመስሉኛል። የቃሉ መነሻ ፊደልም ይህን ያግዛል፤ በቀይ ባሕር በኩል የገባው ያው የዐረብኛ ቃል ቀድሞ ተሙን ተብሎ በ«ተ» ነው የተወሰደው። ስለዚህ አማርኛ አንዱን ስምንተኛ ሁለት ጊዜ ተበድሮታል፤ አንድ ጊዜ ከምጽዋና ከታጁራ መንገድ፥ አንድ ጊዜ ከናይሮቢ። ይህ ግምቴ መሆኑን አልደብቅም፤ የሚያፈርሰው ማስረጃ ያለው ቢያቀርበው ደስ ይለኛል። ሆኖም ስሕተት ነው ተብሎ የተጣለው ስም በአንድ የገበያ ቃል ውስጥ የአንድ ወታደራዊ አስተዳደር ታሪክ ይዞ መገኘቱ አይካድም።

ይህን የመሰለ ነገር በመጻሕፍቶቻችን የማይገኘው ለምንድር ነው? ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ያወጡት የገንዘብና የባንክ ታሪክ ለሁላችንም መሠረት የሆነ ሥራ ነው፤ ነገር ግን በ1935 እ.ኤ.አ. ላይ ያበቃልና ሳንቲም ዘንድ አይደርስም። ከዚያ በኋላ ያለውን የያዙት የሰብሳቢዎች መዝገቦች ናቸው። እነሱም ክብደቱን፥ ማዕድኑንና ዓይነቱን ጠንቅቀው ይጽፋሉ፤ ስሙን ግን አይጽፉም። በ1969ኙ ሳንቲም ላይ ያለውን የአንበሳ አገጭ ጸጕር ርዝመት እያዩ ዓይነት ይለያሉ፤ ያን ሳንቲም ደብረ ብርሃን ላይ ምን ይሉታል፥ ባቲ ላይስ ምን ይሉታል ብሎ የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም። ጸጕር መቍጠሩን አልነቅፍም፤ በማርትሬዛም ዘንድ የወይዘሮዋን የደረት ዕንቍ የሚቈጥሩ አሉ። የምነቅፈው በዚያ መቆማቸውን ነው።

የ1969ኙን ሳንቲም ካነሣሁ ስለ መልኩ ያለኝን ልናገር። ንጉሣዊው ሥርዓት ከወረደ በኋላ ዘውዱና መስቀሉ ተነሥተው የሚያገሣ የአንበሳ ራስ ብቻ ቀረ። በሌላው ፊት አንዱ ሳንቲም ላይ በሁለት በሬ የሚያርስ ገበሬ፥ አምስቱ ላይ ጠመንጃ የያዘ ወታደር፥ ዐሥሩ ላይ የደጋ አጋዘን፥ ሃያ አምስቱ ላይ እጃቸውን ያነሡ ወንድና ሴት፥ ሃምሳው ላይ የተሰበሰበ ሕዝብ ተቀርጿል። የቅርጽ ሥራው ንጹሕ ነው፤ ጥቂት መሥመር ብዙ ያሳያል። የመጠን ስሕተቱም ታርሟል፤ ሃያ አምስቱ ከዐሥሩ እንኳ አንሶ ስለ ተሠራ ከሃምሳው ጋር የሚያምታታው የለም።

የማይዋጥልኝ የተራው ነገር ነው። ገበሬው ከሁሉ በታች፥ በአሉሚንየም፥ ነፋስ በሚወስደው ቀላል ገንዘብ ላይ ተቀመጠ። ወታደሩ በአምስት ዕጥፍ በለጠው። «መሬት ለአራሹ» ከታወጀ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው መንግሥት ይህን ሆን ብሎ አደረገው አልልም፤ አብዛኛው ሕዝብ የሚይዘው ትንሹን ገንዘብ ስለ ሆነ ገበሬው በዚያ ይታይ ተብሎ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዋጋ ሲወድቅ ከታች ጀምሮ ነው የሚወድቀው። አስቀድሞ ከገበያ የጠፋው አራሹ ነበር፤ ቀጥሎ ወታደሩ። በ1966ና በ1977 ዓ.ም. በሬዎቹ ያለቁበት የወሎ ገበሬ፥ ሁለት በሬ የያዘው ምስሉ ሳይነሣ መንገድ ላይ ወድቆ ሲያይ ምን ይል እንደ ነበር ጠይቆ የጻፈ የለም።

የዚህም ሳንቲም ዓመት እንደ ቀደሙት ቆመ፤ 1969 የሚለው ለብዙ ዓመት ሳይለወጥ ተመታ። ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላም ሥዕሎቹ አልተለወጡም። በኋላ የተመቱት አዲስ ዓመት ተጽፎባቸው ልባቸው ብረት ስለ ሆነ ማግኔት ይስባቸዋል፤ ለሚመራመር ሰው ከጽሑፉ ይልቅ ይህ ፈተና የታመነ ነው።

በ2002 ዓ.ም. ምልክት የወጣው ባለ ሁለት ማዕድን የአንድ ብር ሳንቲም የልጁን መልክና የጢስ ዓባይን ፏፏቴ የያዘውን ወረቀት ተካ። በእርሱ ላይ የተቀረጸው ሚዛን ነው። ቅርጹ አይከፋም፤ ነገር ግን የማን ሚዛን ነው? በቧንቧ ውሃ ጉልት ሻጪዋ ሽንኩርቷን በመደብ፥ በርበሬዋን በስኒ፥ እህሏን በጣሳ ትሸጣለች፤ የምትመዝነውም በእጇና በዐይኗ ነው። ሁለት ሳሕን ያለው ሚዛን የጽሕፈት ቤት ገበያ እንጂ የጉልት ገበያ ምልክት አይደለም። ደግሞ ብር ማለት ማዕድኑ ራሱ ነበር፤ ዛሬ ስሙ ብቻ ቀርቶ በውስጡ ቅንጣት ብር የለም። በዚህ አላዝንም፤ ስም ከማዕድን ይበልጥ እንደሚቈይ የሚያሳይ ሌላ ምስክር ነው።

ችኰላ የሚያሻው ግን አንድ ነገር አለ። ሳንቲሞቹ ከዕለት መገበያያ እየወጡ ነው፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ፈጥኗል። ዛሬ ሳንቲም በብዛት የሚፈለገው በምጽዋት በር ነው። በአዲስ አበባ በአብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ ዝርዝር የሚሸጡ ሰዎች ለአንድ ብር ከመቶ ያነሰ ሳንቲም ሲሰጡ አይቻለሁ፤ ለብዙ ነዳያን ማካፈል የሚፈልግ ሰው ጉድለቱን ዐውቆ ይገዛል። በመጽሐፍ ያላየሁት ዋጋ ነው፤ ሳንቲም ከተጻፈበት በላይ የሚያወጣበት ስፍራ ይህ ብቻ ነው። ገንዘቡ ሲጠፋ ዲናሬ፥ ስሙኒ፥ ሽልንግ የሚሉትም ስሞች አብረው ይጠፋሉ። የዛሬ ተማሪዎቼ «ድምቡሎ የለኝም» ይላሉ፤ ድምቡሎ የትኛው ሳንቲም እንደ ሆነ ስጠይቃቸው ግን ይለያያሉ። ሳንቲሙ በሺህ የሚቈጠር በየሣጥኑ ስለሚቀር ለሰብሳቢ አይቸግርም። ስሙን የሚያውቁት ግን በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ተማሪው ዐሥር ሳንቲሙን ለጥናት ክፍላችን እንዲሰጡን እማማን ለመናቸው። «ምን ታደርጉላታላችሁ፥ ዛሬ ክብሪት አትገዛ» ብለው ሰጡት። ካርዱን ዐብረን እንደ ገና ጻፍነው፤ ስም፥ ዲናሬ። የተገኘችበት፥ ደሴ፥ ቧንቧ ውሃ፥ ከግድግዳ ምርጊት ውስጥ። የተሸሸገችበት ጊዜ፥ በባለቤትዋ ቃል 1966 ዓ.ም.። በላይዋ የተጻፈው ዓመት፥ 1936።